ያልነበርኩባቸው አምስት ቀናት

ሰኞ

አልሄድኩም።

እንደ ሁልጊዜው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ ቤቲን ቀሰቀስኩ፣ ጸጉሯን ሠራሁላት፣ ትምህርት ቤቷ በር ላይ አደረስኳት። ከዚያ እግሬ ራሱ ይዞኝ ታክሲ ሰልፍ ሄደ። ተሰልፌ ትንሽ ከተጠጋሁ በኋላ ነው "አንቺ ሴት፣ የት ልትሄጂ ነው?" ብዬ ራሴን የጠየቅኩት። ከሰልፉ ወጣሁ። ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ አንዴ ተራምዳ ቦታዬን ያዘች፤ ምን ሆንሽ እንኳ አላለችኝም። የጎሮ ሰልፍ ይሉኝታ የለውም።

በአሥራ አንድ ዓመት የነርስነት ሥራዬ ሳልታመም፣ ሳልወልድ፣ ሰው ሳይሞትብኝ ቤቴ የዋልኩበት የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ቤቴ ጠዋት ላይ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ፀሐይ በኩሽናው መስኮት ገብታ እስከ ሶፋው ትደርሳለች። ለካ!

አድማው በመላ አገሪቱ ነው። የጠየቅነው ብዙ አይደለም። የሚያኖር ደመወዝ፣ የዲዩቲ፣ የአዳር ተረኝነት፣ ክፍያ በወቅቱ፣ ስንታመም የምንታከምበት መንገድ። የመጨረሻውን ሰው ሲሰማ ይስቃል። ነርስ መታከሚያ ታጣለች ወይ? ታጣለች። ባለፈው ክረምት ቤቲን ሳንባ ምች ሲይዛት ስንት ፋርማሲ እንደዞርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ድንገተኛ ክፍልና ማዋለጃ እንዳይነኩ ተስማምተናል። እኔ ክትባት ክፍል ነኝ። "ክትባት ጥቂት ቀን ቢዘገይ ይደረስበታል፣ ምጥ ግን አይጠብቅም" ያለው ብራዘር ታምራት ነው። ታምራት ቁስል ማሸጊያ ክፍል ይሠራል፤ የጤና ጣቢያችን ሠራተኞች ተወካይ አድርገን የመረጥነው እሱን ነው። የመረጥነው ድምፁ ረጋ ያለ ስለሆነ ይመስለኛል። እኔ ብናገር ኖሮ ገና ሳንጀምር እንጣላ ነበር።

ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሁሉም ተራ በተራ "ቤት ነኝ" ብሎ ጻፈ። እኔም ጻፍኩ።

ከሰዓት ዘይነባ አንኳኳች። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ የወሎ ልጅ ናት፣ ባሏ ሁሴን ከጎሮ ኢምፔሪያል ታክሲ ይነዳል። ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ነገ አርባ አምስት ቀን ይሞላዋል፤ የክትባቱ ቀን ነው።

"ሲስተር፣ ነገ ስንት ሰዓት ይዤው ልምጣ?"

ነገ የለሁም አልኳት። አመመሽ እንዴ አለችኝ። አስረዳኋት። ሰማችኝና "አላህ ይርዳችሁ" አለች፤ ከዚያ ልጁን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዞረችው። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አሁን ቦርሳዬን ስፈትሽ የክትባት ፍሪጁን ክፍል ቁልፍ አገኘሁት። ዓርብ ማስረከብ ነበረብኝ፣ ረሳሁት። ፍሪጁ ካልተከፈተ ምንም አይሆንም። መብራት ካልጠፋ። መብራት አይጥፋ!


ማክሰኞ

ሚካኤል ነው ዛሬ። ቁልፉን ለሲስተር አስካለ ላድርስ ብዬ ወጣሁ።

ሲስተር አስካለ አዋላጅ ናቸው፤ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ማዋለጃ ስለማይዘጋ ሥራ ላይ ናቸው። ቤቲን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ልጄ ይሉኛል፣ እኔም እንደ እናት ነው የማያቸው። ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ቁልፉን ሰጥቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

የሁሴን ታክሲ ደረሰኝ። ሬዲዮው ክፍት ነው። አድማው ሕገወጥ ነው፣ ሠራተኞች በአስቸኳይ ይመለሱ፣ በማይመለሱት ላይ እርምጃ ይወሰዳል። ደግሞ ወዲያው፣ የደመወዝ ጉዳይ እየተጠና ነው። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ እየተጠና ነው። እንዲህ የሚያጠና ተማሪ ቢኖረኝ እኮራበት ነበር።

ታክሲው ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንድ አባት ከፊት ወንበር ላይ ሆነው "ሐኪም ሥራ ካቆመ እኛ ወዴት እንሂድ? ለማን አቤት እንበል?" አሉ። ከኋላዬ አንዲት ወጣት "እነሱስ ሰው አይደሉም እንዴ አባቴ? ቤት ኪራይ የለባቸውም?" አለች። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዝኩ። ሁሴን በመስታወቱ አየኝ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። አልወረድኩም። ታክሲው አለፈው። ኢምፔሪያል ወርጄ፣ ዞሬ፣ በዚያው ታክሲ ተመለስኩ። ሁሴን ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። "ዛሬ በኔ ነው ሲስተር" ብቻ ነው ያለው። ለዚህች ቃል ልቅሶ ሊመጣብኝ ምንም አልቀረው።

ታምራት ደወለ። ስለ ቁልፉ ነገርኩት። "ተረጋጊ፣ ፍሪጁ ካልተከፈተ ይቆያል" አለኝ። ሁሉም ጸንቷል አለ። ከድንገተኛና ከማዋለጃ ውጭ ካንድም ክፍል የገባ ሰው የለም አለ። ደስ አለን። ሁለታችንም ስልክ ላይ ሳቅን።


ረቡዕ

ምን ልጻፍ?

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግሩፑ ውስጥ አንድ ፎቶ ተለቀቀ። የአቴንዳንስ መዝገቡ ነው። የማዋለጃና የድንገተኛ ክፍሎቹ ተፈርሟል፤ የኛ የአድመኞቹ ስሞች ከላይ እስከ ታች፣ አጠገባቸው ባዶ። ባዶ። ባዶ። ከኛ መካከል ግን አንድ ቦታ ላይ ፊርማ አለ። የሰኞ ጠዋት፣ የሰኞ ከሰዓት፣ የማክሰኞ ጠዋት፣ የማክሰኞ ከሰዓት፣ የዛሬ ጠዋት። ትልቅ "ሰ"፣ ከሥሯ ረጅም ጭራ።

የኔ ፊርማ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። በኛ ጤና ጣቢያ ሰው ለሰው ይፈርማል። መዝገቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፤ የጎሮ ታክሲ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩልን አያውቅም። ሲስተር አስካለ ቤታቸው እዚያው ጤና ጣቢያው አቅራቢያ፣ ገርጂ ስለሆነ በእግራቸው ቀድመው ይደርሳሉ። ስለዚህ ለኔ ይፈርማሉ። እኔም ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ያን ቀን በጨለማ ወጥቼ እፈርምላቸዋለሁ። የሳቸውን ፊርማ ከሳቸው በተሻለ እሠራዋለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሌብነት ነው ብሎ ያሰበ የለም፤ መተዛዘን ነው።

ደወልኩላቸው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ይዘው ነበር፣ ከሰዓት ነው ያነሱት።

"ሲስተር፣ ለኔ ፈርመዋል?"

"እንዴ! እጄ ነው ልጄ። የለመደ እጅ!" አሉ። እኔም ጮኽኩባቸው። በሳቸው ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነው። ዘጋሁባቸው፣ ወዲያው ቆጨኝ፣ መልሼ ግን አልደወልኩም።

ግሩፑ ነድዷል። "ቤት ነኝ ያለችን ከየትኛው ቤት ነው?" "ዓይኗን በጨው ያጠበች!" አንዲት አብራኝ የተማረች ልጅ "ለካ ኩርፊያሽ ሁሉ ቲያትር ነበር" ብላ ጻፈች። ኩርፊያዬን አውቀዋለሁ፣ ቲያትር አይደለም።

መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ምን ልበል? አልፈረምኩም ካልኩ ማን ፈረመ ይባላል። ግሩፑ ውስጥ የማን ጆሮ እንዳለ አይታወቅም፤ የሲስተር አስካለን ስም ብጠራ በሰዓቱ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ሐሰተኛ ፊርማ። ሁለት ዓመት የቀረው ጡረታ። አለቀ።

ዝም አልኩ። ከግሩፑ አስወጡኝ።

ታምራት ደወለ።

"ፈርመሻል?"

"አልፈረምኩም።"

"ታዲያ?"

መናገር አልቻልኩም። ስልኩንም ቢሆን ማን እንደሚሰማው ማን ያውቃል። ዝም ስል ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ፣ ከዚያ "እሺ" አለ። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር። ለ"እሺ" ምን ይመለሳል?


ሐሙስ

ታምራት ታሰረ።

ጠዋት ከቤቱ ነው የወሰዱት፣ ቡልቡላ። ይህን የነገረችኝ ከግሩፑ ውጭ ሆና የምታዝንልኝ የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ሌሎችም ቦታዎች ላይ ብዙ ሰው ተይዟል ይባላል። እሱ የትኛው ፖሊስ ጣቢያ እንዳለ ጠይቄ ዐወቅኩ።

ሽሮ ሠራሁ። ሽሮው አረረ፣ እንደገና ሠራሁ። ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልዬ ቡልቡላ ሄድኩ። ሦስት ታክሲ።

በሩ ላይ ስንቅ የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሚስቱ ሔለን ከፊት ነበረች። ሠርጋቸው ላይ ሚዜዋ ሆኜ ነበር። ስታየኝ ፊቷ ላይ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም።

"አንቺ ደግሞ ምን ልትፈርሚ መጣሽ?" አለችኝ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምሳ ዕቃውን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ለምኜ "ለሱ ነው፣ ለኔ ብለሽ ሳይሆን ለሱ" አልኳት። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እጄን እንደዘረጋሁ ትንሽ ቆምኩ፣ ከዚያ ወጣሁ።

አልፈርድባትም። ባሏ ውስጥ ነው፣ እኔ ውጭ ነኝ፣ ፊርማዬ መዝገብ ላይ አለ። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ እደፋው ነበር።

ሽሮውን ይዤው ተመለስኩ። ከቤቲ ጋር በላነው። "ጎበዝ፣ ዛሬ ጣፍጦልሻል" አለችኝ።


ዓርብ

ዛሬ የሆኑት ነገሮች፣ በቅደም ተከተል።

አንድ፣ የጤና ጣቢያው በር ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። ከሥራ የተሰናበቱ። ፎቶውን የጽዳት ሠራተኛችን ላከችልኝ። ግማሽ ጓደኞቼ አሉበት። ያቺ አብራኝ የተማረችው አለችበት። ታምራት አንደኛ ነው።

ሁለት፣ የኔ ስም የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሦስት፣ ኃላፊያችን አቶ ግርማ ራሳቸው ደወሉልኝ። እኚህ ሰው ክፉ አይደሉም፤ ከላይ ሲጫኗቸው ወደ ታች የሚያስተላልፉ ናቸው። "አንቺ አስተዋይ ነሽ፣ አውቃለሁ" አሉኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ከላይ ሰዎች ይመጣሉ፣ ጋዜጠኛም አለ። በነዚህ አስቸጋሪ ቀናት ሥራዋን ያልተወች ባለሙያ ሆኜ ሁለት ቃል እንድናገር ፈለጉ። "የክፍል አስተባባሪነቱም ክፍት ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እያሰብኩበት ነው አልኳቸው።

አራት፣ ይህንን ለመጻፍ ስንት ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ስሜን ሳጣው ደስ አለኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት። አየር ወደ ሆዴ ገባ። የቤት ኪራይ፣ የቤቲ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ቦታቸው ላይ አሉ። ሥራ ካጣሁ ብዬ የፈራሁት፣ ቤቲን ወደ ሐዋሳ ወደ አባቷና ወደ አዲሷ ሚስቱ የመላክ ጉዳይ ቀረ። የሔለን ፊት እስኪመጣብኝ ድረስ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ደስተኛ ሴት ነበርኩ።

ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እንዲያውም መዋሸት የለብኝም፤ ሌላ ሰው ዋሽቶልኛል።


ቅዳሜ

ኪዳነ ምሕረት ናት። ሲስተር አስካለ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ቤቴ መጡ። ነጠላቸውን እንኳ አላወረዱም። ሦስት ፎቅ ደረጃ በዚያ ጉልበታቸው። ለቤቲ ሙዝ ይዘዋል።

ቤቲን ዘይነባ ጋ ሰደድኳትና ተቀመጥን። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ሰኞ እጄ ነው። እግዚአብሔርን! መዝገቡን ሳይ ለራሴ ፈረምኩ፣ ላንቺ ፈረምኩ፣ ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ። ማክሰኞ ግን እጄ አይደለም። ማክሰኞ አውቄ ነው።"

አየኋቸው።

"ስንት ዝርዝር ሲለጠፍ አይቻለሁ መሰለሽ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የወንድሜ ስም ተለጥፎ አይቻለሁ። አንዴ የተለጠፈ ስም ማን ያነሳዋል? ይቺን ልጅ በዚህ እጄ ነው የተቀበልኳት" ብለው ሙዙን ያይ የነበረውን ዓይናቸውን ወደ በሩ፣ ቤቲ ወደ ወጣችበት አዞሩ። "ትራብ? ትራቆት? ይልቅ ይስደቡሽ አልኩ። ስድብ ያልፋል።"

መቆጣት ነበረብኝ። ለሦስት ቀን ሙሉ የምቆጣውን ስሰበስብ ነው የከረምኩት። ነገር ግን እጃቸው ጭናቸው ላይ የነጠላቸውን ጥለት ሲያሻሽ አየሁት፣ አንጀቴን በሉት። ስወልድ ወገቤን ይዞ "አይዞሽ፣ አለሁ" ያለኝ እጅ ነው።

"እኔን ሳይጠይቁኝ ሲስተር" አልኩ።

"ብጠይቅሽማ እንቢ ትያለሽ።"

እውነት ነው፣ እንቢ እል ነበር። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው "ከተጠየቅሽ የኔን ስም ጥሪ። እኔ አርጅቻለሁ" አሉኝ። ይህን ሲሉ ዓይናቸውን አልሰበሩም። እንደሚሉት የሚያደርጉ ናቸው፤ እዚያው ያውቁት ይሆናል እኔ እንደማልጠራ።

እንግዲህ ቁርጤን ዐወቅኩ። ዝም ካልኩ ሥራዬ አለ፣ ስሜ የለም። እውነቱን ከተናገርኩ የሳቸው ጡረታ የለም። ሌላ በር ካለ አላየሁትም።


እሑድ

ጋውኔን አጠብኩ። ተኮስኩት። በሩ ጀርባ ላይ ሰቀልኩት። አወረድኩት። እንደገና ሰቀልኩት።

ዘይነባ ነገ ሥራ እገባለሁ የሚል ወሬ ከየት እንደሰማች እንጃ፣ "እንግዲህ ልጁን ይዤው ልምጣ አይደል?" አለችኝ። ነይ አልኳት። ለምን ነይ እንዳልኳት አላውቅም።

ቤቲ "እማዬ፣ አድማው አለቀ?" ብላ ጠየቀችኝ። አላለቀም አልኳት። "ታዲያ ጋውኑ?" አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጠበቃ ትሆናለች።

ቁጭ ብዬ ስለ ፍሪጁ አሰብኩ። በሥራ ቀን ጠዋትና ከሰዓት ሙቀቱን አንብቤ በሩ ላይ በተለጠፈው የሳምንቱ ወረቀት እመዘግባለሁ። ይህንን ለማንም ሰው ማንም አይሞላለትም፤ የፍሪጁ ክፍል ይቆለፋል፣ ቁልፉ አንድ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ወረቀቱ ባዶ ነው!

ተነስቼ ቤቱ ውስጥ መዞር ጀመርኩ።


ሰኞ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ ለዚህ ነው የዶሮ ጭረት የመሰለው።

በጊዜ ደረስኩ። ታክሲው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አደረሰኝ፤ ያውም ሳያስፈልገኝ። ፖሊሶቹ አሳለፉኝ። በሩ ላይ ዝርዝሩ አለ፤ በአጠገቡ አንገቴን ሰብሬ አለፍኩ። ዘይነባ ልጇን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እሷን ጨምሮ አምስት እናቶች።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ካሜራ። የአቶ ግርማ ቢሮ ገባን። ሲስተር አስካለም ተጠርተው ነበር፤ ጥግ ላይ ቆመው ጋውናቸውን ይቆልፋሉ፣ ይፈታሉ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አቶ ግርማ ያለፈውን ሳምንት ገጽ ገልጠው "ይኸው፣ አንድም ቀን ያልጎደለች" አሉ። ካሜራው ወደ መዝገቡ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ወደ ፊቴ ቀና አለ።

የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ። ተውኩት።

እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አነሳሁ። የሰኞውን ሰረዝኩ። የማክሰኞውን ሰረዝኩ። ረቡዕ። ሐሙስ። ዓርብ ላይ ስደርስ ነው አንድ ሰው "ምን እየሠራሽ ነው?" ያለው። ዓርብንም ሰረዝኩና አጠገቡ "አልነበርኩም" ብዬ ጻፍኩ።

"አምስቱንም ቀን ቤቴ ነበርኩ" አልኩ። "አድማ ላይ ነበርኩ። ያልመሰለው የፍሪጁን ወረቀት ይመልከት፣ አንድ ቁጥር የለበትም። ቁልፉ ይኸው።"

ከእንግዶቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረጉት፣ ካሜራውን በእጃቸው ወደ ታች አደረጉት። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

"ታዲያ ማን ነው የፈረመው?"

ሲስተር አስካለ ከጥጉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። አየኋቸው። ቀደምኳቸው።

"ፊርማው የኔ ነው" አልኩ። "የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ።"

አቶ ግርማ እኔን አዩ፣ ጥጉን አዩ፣ መዝገቡን አዩ። ያውቃሉ። እንዴት አያውቁም? ለሳቸውም እኮ ተፈርሞላቸው ያውቃል፣ የልጃቸው ምርቃት ቀን። መዝገቡን ቀስ ብለው ዘጉት። "ፊርማው የሷ ነው ብላለች፤ ሌላ ምን ይጠየቃል?" አሉ። ወደ በሩ ሲሸኙኝ በጆሮዬ "ምነው ሰናይት፣ ላተርፍሽ ነበር እኮ" አሉኝ። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። የደከመው ሰው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቁልፉን ሲስተር አስካለ እጅ ላይ አደረግኩት።

"አግዳሚው ላይ አምስት ሕፃናት አሉ። የፍሪጁን ሙቀት ይዩና፣ የማዋለጃ ሥራ ሲቀልልዎት" አልኩ።

ቁልፉን ጨብጠው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ዞረው ወደ እናቶቹ ሄዱና፣ ሴት ስታምጥ የሚጠቀሙበትን ያንን ድምፃቸውን አወጡ። "በሉ፣ ካርድ ያዙ! ማን ናት የመጀመሪያዋ?" ዘይነባ ተነሳች።

እኔ ወጣሁ።


ማክሰኞ

ገብርኤል። ዛሬ ቤት ነኝ። የምጽፍበት ግሩፕ የለኝም እንጂ "ቤት ነኝ" ብዬ በጻፍኩ።

የዘይነባ ልጅ ከክትባቱ በኋላ ትንሽ ትኩሳት ይዞት አድሮ ጠዋት ወርዶለታል። ጭኑን ልታሳየኝ ይዛው ወረደች። ጥሩ ተወግቷል። እኔ ከምወጋው አይተናነስም፣ ማለትም ትንሽ ይተናነሳል።

ሬዲዮው ውይይት ሊደረግ ነው ይላል። ደግሞ እርምጃው ይቀጥላል ይላል። ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ። የትኛውን ልመን?

አምስት ሰዓት ላይ ከጽዳት ሠራተኛችን ፎቶ መጣ። በሩ ላይ ያለው ዝርዝር ነው፣ ያው የዓርቡ። ከታች፣ ከታተመው መስመር ሥር፣ በእስክሪብቶ አንድ ስም ተጨምሯል። የእጅ ጽሑፉ የአቶ ግርማ ነው። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ በጥንቃቄ ጽፈውታል። ፊደሎቹ ሲያምሩ!

አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ቤት ኪራዩ፣ ሐዋሳ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ። የት ሄጄ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ለጀግንነት የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቦታዬን የሚነጥቀኝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሔለን ናት። ሳላነሳው ልተወው ነበር።

"ዝርዝሩን አየሁት" አለች። ሲስተር አስካለ ትናንት ከሥራ ሲወጡ ስንቅ ይዘው ቡልቡላ ድረስ እንደመጡ፣ እዚያው በሩ ላይ ሁሉንም እንደነገሯት ነገረችኝ። በዚያ ጉልበታቸው! ታምራትም ሰምቷል። ምን አለ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ራሷ ነገረችኝ። "'እሺ' ነው ያለው፣ ግን ሳቀ" አለች።

ከዚያ "ነገ እኔ ለጠበቃ ጉዳይ እሮጣለሁ፣ ምሳውን አንቺ አድርሽለት" አለችኝ። "ሽሮ ይሁን። ብቻ እንዳታሳርሪው።"

የሐሙሱን ሽሮ ማረር ማን እንደነገራት አላውቅም። ቤቲ ትሆናለች፤ ይቺ ልጅ ጠበቃ ሳይሆን ጋዜጠኛ ነው የምትሆነው።

ሽንኩርት ገዝቼ መጣሁ። እየላጥኩ ቀኑን ቆጠርኩ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ፣ ነገ ሃያ። ሐሙስ ማርያም ናት። ሲስተር አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ መዝገቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ማን ይፈርምላቸዋል?